የበጠጥ ዘመቻ፤ ሰሃርላ ቃልን ወደ ወጣበት አፍ የመለሱበት

በሰባተኛው ዓመተ ቂም፣ የጎብሌይ ሰዎች ለየዓመቱ ስም ማውጣት ልማዳቸው ነውና «የቀይ አቧራ ማግስት» ብለው በጠሩት ዓመት፣ ጉ የሚባለው የበልግ ዝናብ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጽንዕተ ርእስ፣ የአንዲት ዛፍ ባለቤት፣ የቀሲል ዱቄት እመቤት፣ ሰሃርላ ወለተ ወርሰሜ፣ ወርሰሜም የጉሌድ ልጅ፣ ጉሌድም የኤልሚ ልጅ፣ እንዲህ እያለ እስከ ሃያ ሁለተኛው አባት ይቆጠራል፣ በጎብሌይ ሁሉም ሰው ሃያ ሁለት አባት ስላለው እዚህ ይዘለላል፣ በማለዳ በራቸውን ከፍተው ወጡና ሰባት ዓመት ሙሉ ጧት ጧት ያዩትን አዩ። ያዩትም በጠጥ ነበረ።

በጠጡ ከደጃፉ ድንጋይ አንድ ክንድ ርቆ ተከምሮ፣ ቁመቱ ከጉልበት በታች፣ ስፋቱ እንደ ሰፌድ፣ ከላይ ያለው ትኩስ፣ ከሥር ያለው እንደ ንጉሥ መቃብር የቆየ ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ ቁርቁራዋ ቆማ ነበር፤ ቁርቁራ በዚያ አገር ጎብ ትባላለች፣ መንደሩም ስሙን ከእርሷ አገኘ። ይህችን ዛፍ ሰሃርላ ከስደት በተመለሱበት ዓመት በገዛ እጃቸው ተክለው፣ የመታጠቢያቸውን ውኃ አጠጥተው ያሳደጉ ናቸው። ቅጠሏ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በነጠላ ተነፍቶ ቀሲል ይሆናል፤ ከጎብሌይ እስከ ወደቡ ድረስ ጠጕሯን የምትታጠብ ሴት፣ ፊቷን የምትቀባ ሙሽራ ሁሉ የሰሃርላን ቀሲል ታውቀዋለች። ሰሃርላ ባል ሞቶባቸዋል፣ ልጅ አልወለዱም፤ ያለቻቸው ያቺ ዛፍ ነበረች። በዚያ ማለዳ ግን ከዛፏ ላይ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ በእርሱም ላይ ሁለት ሪጋሮዎች ቆመው ይበሉ ነበር።

ይህች ዛፍ በዘንድሮው ጉ ካላቆጠቆጠች ትደርቃለች። ከደረቀችም ሰሃርላ ቤታቸውን ዘግተው፣ በከተማ ከታናሽ እህታቸው ጓሮ ቤት ገብተው፣ «አክስቴ፣ ሻዩን አፍይልኝ» የሚሉ የእህት ልጆች ሎሌ ሆነው ይኖራሉ። እህትየዋ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ፍራሽም አዘጋጁ። ሰሃርላ የፍራሹን ወሬ የሰሙ ዕለት እህል አልቀመሱም።

ስለ ሪጋሮ አመጣጥ እንዲህ ይነገራል። ከዓመተ ቂም በፊት፣ «ሰባራ ባልዲ» በተባለው ድርቅ፣ ከሰሃርላ ደጃፍ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ የሚኖር ሮብሌ የሚሉት ሰው ሁለት ፍየሎች ከመንጋ ተለይተው ወደ ሸለቆ ወርደው ሃያ ቀን ጠፉበት፤ ሮብሌም ጅብ በላቸው ብሎ ሃያ ቀን ጅብ ሲራገም ከረመ። በሃያ አንደኛው ቀን ፍየሎቹ ወፍረው፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ሌላ ሌላውን እያዩ ተመለሱ። ጊዜያቸው ሲደርስ አንደኛዋ ሴት፣ ሁለተኛዋ ወንድ ወለዱ፤ የተወለዱትም ጆሯቸውና ግትርነታቸው የፍየል፣ ዓይናቸውና ረዥሙ አፍንጫቸው የሰጋሮ ሆነ። ሰጋሮ ማለት ከጥንቸል እምብዛም የማይበልጠው፣ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር የሚፈነጠረው የቁጥቋጦ እንሹ ነው። አባትየው በዚያ ቁመቱ ይህን ድፍረት እንዴት እንደ ፈጸመ ሽማግሌዎች ግማሽ ቀን ተከራክረው፣ «ድንጋይ ላይ ቆሞ ይሆናል» ብለው ነገሩን ዘጉት። ፍየል በአገሩ ቋንቋ ሪ ናትና፣ የእናትን ስም ከአባት ስም ጋር ሰፍተው ሪጋሮ አሏቸው። ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር ሪጋሮ በምድር ላይ የለም።

ወግዕዘ ሪጋሮሰ ከመዝ ውእቱ፤ የሪጋሮ ጠባይ ይህ ነው። ቁመቱ እስከ ሰው ጉልበት፣ መልኩ ዝናብ እንዳገኘው አፈር። ሰኮናው የፍየል ነውና ዛፍ ይወጣል፤ ልቡ የሰጋሮ ነውና ከወጣ በኋላ ይፈራል፤ ሲፈራም ካልተንቀሳቀሰ የማይታይ ስለሚመስለው ቅጠሉን በአፉ እንደያዘ ቅርንጫፉ ላይ ደርቆ ይቀራል፣ ሰው ከሥር ቆሞ ዘሩን እየጠራ ቢሰድበው እንኳ የተሰደበው ሌላ ነው ብሎ ዓይኑን አያርገበግብም። ሲደነግጥ በአፍንጫው ያፏጫል። ሚስቱ አንዲት ናት፤ ከበላችበት ይበላል፣ ከተኛችበት ይተኛል፤ በዚህም ከጎብሌይ ወንዶች ይለያል ብላ ሻይ ሻጯ ኮስ መስክራለች። እንደ በቅሎ መካን ናቸው፣ ይህም ለጎብሌይ የተደረገ ምሕረት ነው። ነገር ግን ሴቲቱ ሳትወልድ ትታለባለች፤ በቀን አንዲት ፍንጃል፣ ወፍራም፣ ለሳል መድኃኒት የሆነ ወተት ትሰጣለች ይባላል። የሚለው የሚጠጣው ሮብሌ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ዕንባቸው ነው። ከዓይናቸው ጥግ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር ይወጣል፤ ይህንንም በእንጨት ጫፍ ሁሉ እየነካኩ ይተዋሉ። ማልቀሳቸው አይደለም፤ አጥር ማጠራቸው ነው፣ ከዚህ ወዲህ የኛ ነው ማለታቸው ነው። ይህን ያወቁ ግን ሰሃርላ ብቻ ነበሩ። ሌላው ሰው ሁሉ፣ ግፍ የደረሰባት ፍጥረት ታለቅሳለች ብሎ ከንፈሩን መጠጠላት፤ ሴቲቱንም ኢልሞ፣ ዕንባ ማለት ነው፣ ብሎ ሰየማት፤ ገጣሚ ነኝ የሚለው ሮብሌም አርባ ስንኝ ገጠመላት፣ በአርባውም ውስጥ ክፉዋ ሴት ሰሃርላ ናቸው።

በጠጣቸውንም እንደ ሌላ እንስሳ በሜዳ አይበትኑም። ጎሕ ሲቀድ ሴቲቱ ቀድማ፣ ወንዱ ተከትሎ፣ በአንድ ቦታ በአንድ ክምር ላይ ይጥላሉ፤ ወንዱም የእርሷን ጭሮ በራሱ ይሸፍናል። ክምሩ ዙፋናቸው ነው፤ ከእርሱ አይርቁም፤ ኢልሞም በእርሱ ላይ ካልቆመች ወተት አታወርድም። በዚህም ምክንያት ሮብሌ በየማለዳው ፍንጃሉን ይዞ ወደ ሰሃርላ ደጃፍ ይመጣል፣ እዚያው ተንበርክኮ ያልባል፣ እዚያው ይጠጣል፣ አፉንም እየጠረገ፣ «ደህና አደርሽ» ይላል።

ቂሙ ዓመት መቁጠር የጀመረው ግን ከበጠጡ አይደለም፤ ከፍርዱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሰሃርላ ወደ ዳኞች ዛፍ፣ ከደጃፋቸው ሁለት መቶ እርምጃ ወደሚርቀው ትልቅ ግራር ሄደው፣ ዛፌ ተበላብኝ፣ የእንስሳቱ ጌታ ይያዝልኝ ብለው ጮኹ። ሮብሌ ቀርቦ ተጠየቀ፤ ሮብሌም ስለ ወተቱ ሲጠየቅ ከፍየሌ የተወለደች ፍየል ናት አለ፣ ስለ ዛፉ ሲጠየቅ የዱር ሰጋሮ ናት፣ የዱር አውሬ ጌታ የለውም አለ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ቀን ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን የሁሉ ታላቅ የሆኑት አዴር ሂርሲ፣ አዴር ማለት አጎት ነው፣ ጺማቸው በሂና የቀላ፣ ነገር አሳምረው ካልተናገሩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው፣ በትራቸውን ወደ መሬት ወግተው አዋጅ ተናገሩ።

«ልጅ የእናቱ ነው። ከብት ደግሞ ቤቱ በጠጡን የጣለበት ነው፤ አባቶቻችን የጠፋ ግመል ሲፈልጉ በረቱን የለዩት በፍጉ ነው። ስለዚህ ወተት በእናት፣ በጠጥ በደጃፍ።»

ሕዝቡ የቃሉን ማማር ሰምቶ አጨበጨበ፤ ነገሩን ለማሰብ ግን ጊዜ አላገኘም። ትርጓሜውም ይህ ነበር፦ ወተቱን ሮብሌ ይጠጣል፤ ሪጋሮዎቹ የሚያጠፉት ሁሉ በሰሃርላ ራስ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሪጋሮ የሙሽራ ምንጣፍ ሲበላ ሰሃርላ ምንጣፍ ሰፉ፤ ሪጋሮ የጎረቤት መጋረጃ ሲበላ ሰሃርላ የራሳቸውን አውርደው ሰጡ፤ ሪጋሮ የሰሃርላን ቅጠል ሲበላ ግን የገዛ ከብትሽ የገዛ ዛፍሽን በላ ተባሉ። ክምሩንም ጠርገው ሊጥሉት ሞከሩ፤ በማግስቱ ጧት እዚያው ቦታ አዲስ ተጀምሮ አገኙት። ያ ቃልም አድጎ ተረት ሆነ፤ ጥፋቱን በሰው የሚያላክክ ሁሉ፣ «በጠጥ በደጃፍ» እያለ ይሳለቅ ጀመር፤ ይህንም በሰሃርላ ፊት ሲሉት ድምፃቸውን አይቀንሱም ነበር። ሰባት ዓመት።

ወእምዝ ጉ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወርዶ፣ ከኮረብታው የመጣው ጎርፍ በሰሃርላ ደጃፍ አልፎ፣ ክምሩን ሳይበትን እንዳለ ገፍቶ፣ አምስት እርምጃ ወደ ታች አስቀመጠው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሰሃርላ በበራቸው ስንጥቅ ሲያዩ፣ ኢልሞ መጣች፣ የቀድሞውን ቦታ አሸተተች፣ ግራ ተጋባች፣ አንድ ጊዜ አፏጨች፤ ከዚያም አምስት እርምጃ ወርዳ በክምሩ ላይ ቆመች። ባሏም ተከተለ። ሮብሌም ፍንጃሉን ብቻ እያየ መጥቶ፣ አምስት እርምጃ ቀድሞ ተንበረከከ፤ ምንም አላስተዋለም።

ሰሃርላ ከበሩ ወጥተው፣ ከአሮጌው ቦታ እስከ አዲሱ ያለውን እርምጃ ቈጠሩ። ኮስ ሻይዋን ልታፈላ ስታልፍ ጠሯትና ይህን ነገር ተናገሩ፤ የዘመቻው አዋጅ ይኸው ነው።

«ቤታቸው በጠጣቸው አይደል? ይሁን። ቤታቸውን ተሸክሜ እወስደዋለሁ።»

ኮስም፣ «ወዴት?» አለች።

«ወደ ተፈረደበት።»

ከሰሃርላ ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው። ኮስ፣ የሁለት ጀበና ባለቤት፣ አንደኛው ክዳን የለውም፣ ምላሷ ግን ለሁለቱም የሚበቃ። ጆሮው በግማሽ የቀረ አህያ፣ ስሙ ጄኔራል፣ ማዕረጉን ያገኘው ወደ ፊት ሂድ ሲሉት ባለመሄዱ። ሰሃርላ ራሳቸው የሰፉት ቅርጫት። ከዘይት ቆርቆሮ የተቈረጠ አካፋ። አንድ መጥረጊያ። ሳትጠራ የተከተለች አንዲት ቀይ ዶሮ። ሌላ ሠራዊት አልነበረም።

ሥርዓቱም እንዲህ ነበር። በቀትር፣ ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው በጫት ቤት ሲቀመጡ፣ የቀሩትም ሲተኙ፣ ሪጋሮዎቹ በጥላ ሲያመሰኩ፣ ሰሃርላ ክምሩን ከሥር አንሥተው፣ የላዩ ከላይ የታቹ ከታች እንዲሆን ተጠንቅቀው በቅርጫት ያደርጋሉ፤ ቅርጫቱን በጄኔራል ላይ ይጭናሉ፤ ጄኔራል አምስት እርምጃ ይጓዛል፤ ያወርዱለታል፤ እርሱም አገር እንዳቋረጠ ይተነፍሳል። ከዚያ በዕንባ የጠቆሩትን እንጨቶች ቈርጠው በአዲሱ ሰፈር ዙሪያ ይተክላሉ። ከአምስት እርምጃ አላለፉም። አንድ ቀን ኮስ ተቻኩላ ዐሥር አድርጋው ሪጋሮዎቹ ወደ ደጃፉ ሊመለሱ ሲሉ፣ ሰሃርላ በመጥረጊያ እያባረሩ ክምሩን ወደ ልኩ መለሱ፤ ኮስንም እስከ ማታ አላናገሯትም።

ከደጃፍ ተነሥተው በአምስተኛው ቀን በኮስ ምድጃ አጠገብ ሰፈሩ። ከዚያ ተነሥተው በዘጠነኛው ቀን በተሰነጠቀው የውኃ ጉድጓድ አፍ ሰፈሩ። ከዚያ ተነሥተው በዐሥራ አራተኛው ቀን ከጦርነቱ ዘመን ዝጎ ከቀረው ታንክ ሥር ሰፈሩ፤ በዚያም ታላቅ መከራ ሆነ፤ ኢልሞ በታንኩ መድፍ ላይ ወጥታ፣ እጫፉ ደርሳ ፈራችና ደርቃ ቀረች፣ ባሏም ከሥሯ ቆሞ ያፏጭ ጀመር፣ ሠራዊቱም አንድ ቀን ሙሉ መድፍ ተደግኖበት ቆመ። ዘመቻው አርባ አንድ ቀን የሆነው በዚህ ነው፤ አለዚያ አርባ ነበረ።

ሕዝቡስ አላየምን? አየ። ነገር ግን የጎብሌይ ሰው በቤት ከተቀመጠ ሁለት ትውልድ አልሞላውም፤ አያቱ ሣርና ዝናብ ተከትሎ ጓዙን በግመል ጭኖ ይዞር የነበረ ነው፤ የሚጓዝ ነገር ሲያይ ልቡ ይሰበራል እንጂ ማን አጓዘው ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ክምሩ በየቀኑ አምስት አምስት እርምጃ ሲሄድ ባዩ ጊዜ፣ ሪጋሮዎቹ ዝናብ ሊከተሉ ጓዛቸውን ጫኑ አሉ። ሮብሌም በጫት ቤት ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ «ደም አይጠፋም። እኛ በቆርቆሮ ቤት ሆነን ረሳነው እንጂ፣ የኔ ሪጋሮዎች መንገዱን ያውቁታል።» ሃያ ስንኝም ጨመረ። ክምሩ ወደ እርሱ ደጅ እየቀረበ ሲመጣ የማለዳ መንገዱ አጠረችለትና፣ ለጌታቸው ሲሉ መጡ ብሎ ፎከረ፤ በሃያ አንደኛው ቀንም ክምሩ ከደጁ ፊት ለፊት ዐረፈ፣ ሮብሌም ፍንጃሉን ይዞ በሸርጥ ብቻ ብቅ ብሎ አለበ።

በዚያ ቀን በሠራዊቱ መካከል ክርክር ሆነ። ኮስ ቅርጫቱን ደፍታ ተቀመጠችበትና እዚሁ ይብቃ አለች፤ ወተት ጠጪው በጠጡን ያግኝ፣ አንቺ ምን ቀረሽ፣ ዛፍሽም ማቆጥቆጥ ጀምራለች፣ ሄደሽ ተኚ ብላ መከረች። እውነቷን ነበር፤ ቁርቁራዋ በሃያ ቀን ውስጥ በየቅርንጫፉ አረንጓዴ ነጥብ አውጥታ ነበር። ሰሃርላም ወደ ዛፋቸው ዞረው አዩ፤ ብዙ ጊዜ አዩ። ከዚያም እንዲህ አሉ።

«እዚህ ብተወው ነገ ተከራክሮ ይመልሰዋል። ሮብሌ የጠጣው ወተት ነው፤ ቃሉን የተናገረው ግን አዴር ሂርሲ ነው። ቃሉ እስካለ ድረስ በጠጡ የትም ቢሆን የኔ ነው። ቃል ወደ ወጣበት አፍ ይመለስ። ተነሺ ከቅርጫቴ ላይ።»

ኮስ ተነሣች። ሠራዊቱ ሮብሌን አልፎ ሄደ።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ግን ያልታሰበ ነገር መጣ። አዴር ሂርሲ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው በቀትር ሲንጎራደዱ ሰሃርላን ከነቅርጫታቸው በመንገድ መካከል አገኟቸው፤ የሚሸሸግበት ቦታ አልነበረም፤ ዶሮዋም እንኳ ቆመች።

«ምንድን ነው የምትሸከሚው፣ ልጄ?»

«በጠጥ ነው፣ አዴር። ወደ ዛፋችሁ ነው የምወስደው።»

ሽማግሌው ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። ፍግ ለዛፍ ምግብ መሆኑን ያውቃሉና፣ ይህች ሴት ቂሟን ትታ የዳኞችን ዛፍ ልታፋፋ መጣች ብለው ተረድተው፣ እጃቸውን በሰሃርላ ራስ ላይ ጫኑ። «ፈጣሪ ያበርክትልሽ። ሰባት ዓመት ተቀይመሽን ነበር።»

«አዎ፣ አዴር» አሉ ሰሃርላ፣ «የተጠራቀመ ነው።»

በዚያው ቀን አዴር ሂርሲ፣ ሰሃርላን በመንገድ የሚከለክል ማንም እንዳይኖር አዋጅ አስነገሩ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ስምንት ቀኖች በመንግሥት ጥበቃ የተደረጉ ዘመቻዎች ናቸው።

ወአመ ፵ወ፩ ዕለት፣ በአርባ አንደኛው ቀን፣ ክምሩ ከግራሩ ግንድ ሥር፣ አዴር ሂርሲ ከሚቀመጡባት ድንጋይ አንድ ክንድ ርቆ ዐረፈ። በማግስቱ ሪጋሮዎቹ ገቡ። ሽማግሌዎቹ ባዩዋቸው ጊዜ ደስ አላቸው፤ ኢልሞ ተነሥታ በአዴር ሂርሲ በትር ጫፍ ላይ ዕንባዋን በነካች ጊዜ፣ የተበደለች ፍጥረት ወደ ፍትሕ ደጅ መጣች ብለው ከንፈር መጠጡ። ትርጓሜው፣ ይህ በትር ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነው ማለት እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም። ሰሃርላ ሄደው በዛፋቸው ሥር ተቀመጡ፤ ጠበቁም። መጠበቅን እንደሆነ ሰባት ዓመት ተለማምደውታል።

ብዙ አልጠበቁም። በአራተኛው ቀን ከቆላ የመጡ እንግዶች የአዴር ሂርሲን የልጅ ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቁ በግራሩ ሥር ተቀመጡ። የእንግዶቹ ታላቅ፣ በጎብሌይ የማይታወቁ ወፍራም ሽማግሌ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ባለ ጥልፍ አዲስ ኩታቸውን አጥፈው ከጎናቸው አኖሩ፣ ጫማቸውንም አውልቀው በላዩ አደረጉ፤ ከዚያም ስለ ሁለቱ ጎሣዎች ወዳጅነት ከአያታቸው ዘመን ጀምረው ይናገሩ ጀመር። ወደ አባታቸው ዘመን ሲደርሱ ኢልሞ ኩታውን ጨርሳ ወደ ጫማው አልፋ ነበር፤ ባሏም ከበላችበት ይበላልና የቀረውን ጫማ ይዞ ነበር። ሰው ሁሉ ሲጮህ ሁለቱ ወደ ዛፉ ወጥተው፣ ኢልሞ የኩታው ዘርፍ ከአፏ ተንጠልጥሎ፣ የማይታዩ መስሏቸው ደርቀው ቆሙ።

እንግዳው በእግር ሹራባቸው ቆመው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ይህች ፍየል የማን ናት?»

ሮብሌ በልማድ፣ «ፍየል አይደለችም፣ ሰጋሮ ናት» አለ፤ የሳቀለት የለም። አዴር ሂርሲም የልጅ ልጃቸው ጋብቻ በዓይናቸው ፊት ሲበላ እያዩ፣ በልማድ እጃቸውን ዘርግተው፣ «የሰሃርላ ናት፣ ሰሃርላ ትጠራ» አሉ።

መጥራት አላስፈለገም። ሰሃርላ ከሴቶች ጋር ከክቡ ውጭ ቆመው ነበር፤ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ በእጃቸው ምንም ሳይዙ ወደ ፊት መጡ፤ ድምፃቸውንም አላነሡም።

«አዴር ሂርሲ፣ ቃልዎን ላስታውስዎ ነው። አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩለትም። ወተት በእናት፣ በጠጥ በደጃፍ ብለዋል። እንግዶቻችን ጎንበስ ብለው ይዩልኝ። በጠጡ በማን ደጃፍ ነው?»

እንግዶቹ ጎንበስ ብለው አዩ። አዴር ሂርሲም አዩ። የእንግዶቹ ታላቅ ቀና ሲሉ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያም ሳቁ፤ ሹራብ ብቻ የቀረለትን እግራቸውን እያዩ፣ ዛፉ ላይ ያለውን ዘርፍ እያዩ ሳቁ፤ ከእርሳቸው በኋላ ያልሳቀ የለም። አዴር ሂርሲ ብቻ አልሳቁም። ሰው የገዛ ቃሉ ተመልሶ ሲጎበኘው ምን ብሎ ይቀበለዋል? ከዚያ ግን የገዛ ኩታቸውን አውልቀው ለእንግዳው ደረቡላቸው፤ ጫማቸውንም አውልቀው በፊታቸው አኖሩ፤ በባዶ እግራቸው ቆመውም በበትራቸው መሬት ወጉ። በትሩ የኢልሞ ነበረ።

«ቃሌ ያማረ ነበር፣ ግን ጎዶሎ ነበር። ይህች ሴት ሰባት ዓመት ጎዶሎውን ተሸክማለች። ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ይሁን፤ ወተት የጠጣ በጠጥ ይጥረግ።»

ጋብቻው ሰመረ። ፍርዱም በሮብሌ ላይ ጸና። ሮብሌም ሪጋሮዎቹን በገመድ አስሮ ወደ ደጁ ጎተታቸው፤ ሳይመሽ ከክምራቸው ተመልሰው ተገኙ። ተሸክሞ ወሰዳቸው፤ ከእርሱ ቀድመው ተመለሱ። ግጥም አሰማቸው፤ አፏጩበት። በሦስተኛው ቀን ቀትር፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ ጠብቆ፣ ወደ ሰሃርላ ደጃፍ መጣ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ፍንጃል ሳይዝ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰሃርላ በለመለመችው ዛፋቸው ሥር ተቀምጠው የዓመቱን የመጀመሪያ ቀሲል ይነፉ ነበር።

«ሰሃርላ፣ እህቴ» አለ፣ «እንዴት አደረግሻቸው?»

ሰሃርላ ሊያባርሩት ይችሉ ነበር። ዝም ሊሉትም ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን የሚነፉበትን ነጠላ አስቀምጠው ተነሡ፤ ከግድግዳው ላይ ቅርጫቱን አውርደው፣ አራግፈው፣ በእጁ ሰጡት።

«በቀን አምስት እርምጃ ነው። ስድስት ካደረግከው ይመለሱብሃል። ከዳኞች ዛፍ እስከ ደጅህ ለኔ ሃያ ቀን ነው የፈጀብኝ፤ አንተ ግን ሰባት ዓመት ወተት ጠጥተሃል፣ ጉልበት አታጣም።»

ወዝንቱ ውእቱ ዜናሃ ለመዋኢት ሰሃርላ፤ ሰይፍ ሳትመዝ አገር ያቀናች፣ በአምስት እርምጃ ሁለት መቶ እርምጃን ያሸነፈች፣ ቃልን እንደ ጠፋ ግመል ወደ በረቱ የመለሰች፣ ዳኛን በባዶ እግሩ ያስኬደች፣ ገጣሚን ቅርጫት ያስያዘች፣ ጠላት ሳትገድል ዛፍ ያዳነች፣ የእህቷንም ፍራሽ ባዶ ያስቀረች። ዓመቱም ከዚያ በኋላ «የቀይ አቧራ ማግስት» መባሉ ቀርቶ «የቅርጫት ዓመት» ተባለ፤ ዓመተ ቂምም በሰባት ቆመ። ከሠራዊቷ የከዳት የለም፤ ቀይዋ ዶሮ ብቻ ቅርጫቱን ተከትላ ወደ ሮብሌ ሄዳለች።